የአመድ ተራ የሚጠብቁ ጥዶች

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ ከቤቴ የወጣሁት አንዲት ቃል ለማድረስ ነው። ቃሏ አጭር ናት፤ «አሁን መቀጠል ትችላላችሁ» የምትል። መድረስ የነበረባት ግን ከአሥር ዓመት በፊት ነበር። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ አትላስ ጀርባ ካለው ቤቴ ተነስቶ ከሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ወዲያ ያለ አንድ ኮረብታ ድረስ ነው። ይበልጥ የሚያሳፍረኝም ይህን ያህል ቅርብ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የአፈር ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ቡድናችን የሚያጠናው የከተማው ጭስ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከዝናብና ከአቧራ ጋር ተመልሶ ሲወርድ የጥድ ጫካ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነበር። በመኪና ጭስ ውስጥ ናይትሮጅን አለ። ገበሬው በዩሪያ መልክ ገዝቶ ማሳው ላይ የሚበትነው ያው ምግብ ነው። በነፃ ከሰማይ ሲወርድ ታዲያ ምን ክፋት አለው? ጥያቄያችን ይህ ነበር። ለጥናቱ የመረጥነው የኦቦ ቱፋንና የባለቤታቸውን የአዴ ጫልቱን ጫካ ነው፤ ስድሳ ሦስት የሐበሻ ጥድ፣ ኦቦ ቱፋ ከአባታቸው የወረሱት፣ መጥረቢያ ያላነሱበት።

ኦቦ ቱፋ አንድ ልማድ ነበራቸው። የሳምንቱ የምድጃ አመድ በባልዲ ይጠራቀምና ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ዛፍ ሥሩን ዙሪያውን ይደፉለታል። በሳምንት አንድ ዛፍ ብቻ። ተራው እንዳይጠፋባቸው ጭብጥ የምታህል ነጭ ድንጋይ ነበረቻቸው፤ አመድ ባገኘው ዛፍ ሥር ያስቀምጧትና በሚቀጥለው ቅዳሜ አንስተው ወደ ጎረቤቱ ያዛውሯታል። «ዛሬ የእሷ ተራ ነው» ይሉ ነበር፣ ስለምትታለብ ላም የሚያወሩ ይመስል። ይህን ከእናታቸው ነው የተማሩት።

እኔ አስቆምኳቸው። አመዱ ልኬታችንን ያበላሽብናል አልኩ፤ ለጥናቱ እውነትም ያበላሽ ነበር። «ለሁለት ክረምት ብቻ ይቁም። ሲያልቅ እኔው መጥቼ እነግራችኋለሁ።» ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ የጥናቱ በጀት ተቋረጠ፤ ቡድኑ ተበተነ፤ እኔም ቦሌ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሪፖርት የምጽፍበት ሥራ አገኘሁ። ሄጄ አልነገርኳቸውም። ረሳሁት ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን አንዳንዴ ትዝ ሲለኝ «መቼም እስካሁን ቀጥለው ይሆናል» እያልኩ ራሴን ሳባብል መኖሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ስንቀይር ከካርቶን ውስጥ የድሮው የመስክ ደብተሬ ወጣ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «አመድ መድፋት እንዲቆም ተነግሯል» ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። በደብተሩ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ፤ አይሠራም።

ጠዋት አንድ ተኩል፣ ከአትላስ ወደ ሃያ ሁለት

በእግሬ ነው የተነሳሁት። በትከሻዬ ያንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ የአፈር መውሰጃ ብረት፣ ጥቂት ጠርሙስ፣ የተጣራ ውኃና የአፈርን ኮምጣጣነት የሚያሳይ ወረቀት አለ። ብረቱ ረጅም ስለሆነ ጫፉ ከቦርሳው ወጥቶ ያላፊ አግዳሚውን ክንድ ይነካል። ይቅርታ እየጠየቅሁ መሄድ ከጠዋቱ ጀመረኝ።

የአትላስ መንገድ በዚያ ሰዓት ከማታው ፈንጠዝያ ገና እየነቃ ነው። ጥብስ ቤቶቹ በራፋቸውን ያጥባሉ። አንዱ ደጃፍ ላይ ግራጫ አመድ የሞላ ጆንያ ቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። ዘልዬው አለፍኩ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ዳር ዳሩን የተተከሉት ዛፎች ግን ገና በእንጨት የተደገፉ ናቸው። በአጠገቤ አንድ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሚኒባስ ያለ ድምፅ ሲያልፍ ደነገጥኩ። ጭስ የለውም። ያኔ ጥናቱን ስንሠራ እንዲህ ያለ መኪና ይመጣል ብሎ የነገረን ቢኖር እንስቅበት ነበር።

ሃያ ሁለት ስደርስ ማኪያቶ በዳቦ አዘዝኩ። ዘጠና ብር። ማኪያቶው ለብ ያለ ነበር፤ ሆኖም ያ ቀን እኔ ሰው የምወቅስበት ቀን አይደለምና ዝም ብዬ ጠጣሁት። እየጠጣሁ የምናገረውን ተለማመድኩ። «ኦቦ ቱፋ፣ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ…» አይሆንም። አሥር ዓመት የሚበዛ ሥራ የለም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ

መገናኛ ቅዳሜም ቢሆን ያው መገናኛ ነው። የሰሚት ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ቦታ አገኘሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዬ የወጣውን ብረት አየችና፣

«ቧንቧ ሠራተኛ ነሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ አፈር ነው የምመረምረው።»

«ውይ፣ ቧንቧ ሠራተኛ በሆንሽ! የኛ ኮንዶሚኒየም ቧንቧ ሳምንቱን ሙሉ እየፈሰሰ ነው እኮ።» አፈሩ ብዙም አልጣማትም። ስልኳን አወጣች።

መንገዱን እያየሁ ሄድኩ። በፊት ከመገናኛ እንደወጣን ስንዴና ጤፍ ይታየን ነበር፤ አሁን ሕንፃ በሕንፃ ላይ ነው። ከፊታችን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ሲተፋ ሾፌራችን መስኮቱን ዘጋ፤ እኛም ዘጋን። ጭሱ ግን መስኮት ስለተዘጋበት አይጠፋም። ወደ ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ወደ ኮረብታው ይሄዳል። ጥድ ደግሞ ቅጠሉን የማያራግፍ ዛፍ ነው፤ በጋ ክረምት ሳይል አየሩን ያበጥራል፣ አቧራውንም ጉሙንም ይይዛል፣ ዝናብ ሲመጣ የያዘውን ሁሉ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ሌላው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ሲያርፍ እሱ ዕረፍት የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የኦቦ ቱፋ ጥዶች ደህና አድርገው ለምልመው ነበር። አዳዲሱ ቀንበጥ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ እሳቸው እየዞሩ ሲደባብሱት አይቻለሁ። እኛም «ጫካው ተጠቅሟል» ብለን ሪፖርት ጻፍን። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቆመን አላየንም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሰሚት

ወደ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ሰሚት ስወርድ ስኳርና ቡና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከድር ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ገና መሠረታቸው ሲቆፈር እዚህ ቦታ በቆርቆሮ ሱቅ ጀምሮ አሁን መስታወት በር ላይ ደርሷል። በዚያን ጊዜ ውኃና ብስኩት የምንገዛው ከእሱ ነበር። እኔ አወቅሁት፤ እሱ አላወቀኝም።

«ወደ ላይ ወደ ኦቦ ቱፋ ቤት ነው የምሄደው» አልኩት። «ባጃጁ እስከ የት ያደርሰኛል?»

ሚዛኑ ላይ የያዘውን ስኳር አስቀመጠ።

«እኔን! አልሰማሽም እንዴ? ኦቦ ቱፋኮ ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው።»

 ባንኮኒውን ያዝኩ። ከድር በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝ፤ ውኃም ከፈተልኝ።

«ዘመድ ነሽ?»

«አይደለሁም። አንድ ነገር ልነግራቸው ነበር።»

«ደግ ሰው ነበሩ። መጨረሻ መጨረሻ ላይ ስለነዚያ ዛፎች ነበር ጭንቀታቸው። ጨው ሊገዙ መጥተው ቁጭ ይሉና ‹ከድር፣ ዛፎቼ እየታመሙ ነው› ይሉኛል። እኔ ስለ ዛፍ ምን አውቃለሁ?» የቡናውን ከረጢት አሰረና፣ «አዴ ጫልቱ ግን አሉ፤ ደህና ናቸው። ሂጂ፣ ደስ ይላቸዋል» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ከሱቁ ስወጣ እግሬ ወደ መገናኛ ሚኒባስ ነበር ያመራው። ቃሉን የሚቀበለው ሰው ከሞተ ለማን ላደርስ ነው? ለባልቴት ሄዶ ማስረዳት ደግሞ ኀዘኗን መቀስቀስ ነው፤ እንዲያ እያልኩ ለራሴ ጥሩ ጥሩ ምክንያት አበጀሁ። ስኳሩ እጄን ሲከብደኝ ነው ያፈርኩት። ባጃጅ ጠራሁ፤ ኮረብታው ግርጌ ድረስ ሰማንያ ብር።

አራት ሰዓት፣ ኮረብታው

ኮብልስቶኑ አለቀና ባጃጁ አወረደኝ። የቀረውን ሃያ ደቂቃ በእግር ወጣሁ። መሬቱ የክረምቱን እርጥበት ገና አልጨረሰም፤ ጫማዬ ሥር ይለጠፋል። ዘወር ስል ከኋላዬ የሰሚት ፎቆች፣ ከዚያ ወዲያ ቦሌ በግራጫ ጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። ከዚህ ላይ ሆኖ ሲያዩት የእኛ ሰፈር ሰማይ ቆሽሿል።

አዴ ጫልቱ በራቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጥረዋል፤ ነጠላቸው ሥር ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጫልቱ» አልኩ።

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ብዙም አልቆዩም።

«የአፈሯ ልጅ! ሂሩት አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ኢንተላ ኮ!» ብለው አቀፉኝ። «ልጄ፣ መጣሽ? ትመጣለች ይል ነበር እኮ።»

እግዜር ያጥናዎት አልኩ። ስኳሩንና ቡናውን ተቀብለው ወደ ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ መጀመሪያ ጫካውን ልይ አልኳቸው። ብትራቸውን አንስተው ቀደሙኝ።

ከግቢው አጥር ሥር ሦስት ጥዶች አሉ። እነሱ ግጥም ያሉ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ውስጣቸው ወፍ የሚንጫጫባቸው ናቸው። ከእነሱ አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ግን ቆምኩ። የላይኞቹ ጥዶች ጫፋቸው ሳስቷል፤ ሰማዩ በመሀላቸው ይታያል። የውስጥ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። አንዳንዱ አናቱ ደርቆ ነጭ እንጨት ብቻ ቀርቷል። አንዱ ከነሥሩ ተገንድሶ ተጋድሟል፤ ሥሩ እንደዚያ ላለ ግንድ የማይመጥን አጭርና ጥቁር ነው።

ሥራዬን ሠራሁ። ብረቱን ከላይኞቹ ሥር ወግቼ አፈር አወጣሁ፣ ከተጣራው ውኃ ጋር በጠርሙስ በጠበጥኩት፣ ሲረጋ ወረቀቱን ነከርኩ። ወረቀቱ አረንጓዴ ቢሆን ደህና ነበር። ብርቱካናማ ሆነ። አፈሩ ኮምጧል። ወርጄ ከአጥሩ ሥር ካሉት ከሦስቱ ከአንዱ አፈር ወስጄ ያንኑ ደገምኩ፤ አረንጓዴ።

«የቤቱን አመድ የት ነበር የምትጥሉት?» አልኩ። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ መልሱን አውቄዋለሁ።

«እዚሁ አጥሩ ሥር ነዋ። የትስ እንጣለው? ላይ እንዳንደፋ ነግረሽናል።»

«ለሁለት ክረምት ነበር እኮ ያልኩት…»

«አዎ። ሲያልቅ መጥቼ እነግራችኋለሁ ብለሻል። ልጆቹ አባባ ይበቃል፣ እንቀጥል ብለውት ነበር። ‹ነግራን ነው ያቆምነው፣ ስትነግረን እንቀጥላለን፤ የተማረ ሰው ሥራ አይበላሽም› አላቸው። ዛፎቹ መሳሳት ሲጀምሩ ሥራቸውን ኮተኮተ፣ ውኃ በጀሪካን አመላለሰ። ሲደክም አልጋው ላይ ሆኖ ‹ምን በድያቸው ነው?› ይል ነበር። ምን አጥፍተን ነው፣ ልጄ? አንቺ ታውቂያለሽ።»

መጀመሪያ የነገርኳቸው ቀላሉን ነው። ወደ ከተማው እያመለከትኩ የመኪናው ጭስ ከዝናብ ጋር እንደ ዩሪያ እንደሚወርድ አስረዳሁ። ጥቂቱ ዛፉን ያፋፋዋል። ሲበዛ ግን ዛፉም አፈሩም አይችሉትም፤ የተረፈው ከውኃ ጋር ወደ ታች ሲሰርግ አፈሩ ውስጥ ያለውን ኖራና ሌላውን ጥሩ ጥሩ ምግብ ይዞት ይሄዳል፤ አፈሩ ይኮመጥጣል፣ ሥር ይደክማል። አንድ ምግብ ጠግቦ በሌላው መራብ ነው።

አዴ ጫልቱ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያ ከከተማው ነው የመጣው። የእኛ ጥፋት አይደለም።»

«አይደለም።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። የነገርኳቸው አንዱም ውሸት አልነበረም፤ እሳቸውም ተጽናንተዋል። ብትራቸውን የያዘው እጃቸው ሲላላ አየሁ። ነገር ግን ከበስተኋላቸው ሦስቱ ለምለም ጥዶች ቆመዋል።

«አዴ ጫልቱ፣ ሌላም አለ» አልኩ። «አመድ ውስጥ ያ ከአፈሩ የሚታጠበው ነገር አለ። ኖራውም ሌላውም። ኦቦ ቱፋ በየሳምንቱ ሲደፉት የነበረው መድኃኒቱን ነበር። ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ተመልሼ ቀጥሉ ሳልላቸው የቀረሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው ዛፎቹን አልበደሉም።»

አዴ ጫልቱ ጎንበስ ብለው ከመሬት ደረቅ ቅርንጫፍ አነሱ፣ ሰባበሩት።

«ይሄን ያኔ ታውቂ ነበር?»

«ያኔ በደንብ አላውቅም ነበር። በኋላ ግን ተምሬዋለሁ። ትዝ እያለኝም ነው የቀረሁት።»

«ከዚህ እስከ ቤትሽ ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ቅርብ ነው ለካ» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝም። ቅርንጫፉን ሰባብረው ሲጨርሱ «ነይ» ብለው ወደ ጫካው መሀል ወሰዱኝ።

አንድ መካከለኛ ጥድ ሥር፣ ግማሽ አካሏ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ነጯ ድንጋይ አለች። ያቺው ናት። ከመጨረሻው ቅዳሜ ወዲህ አልተነሳችም። ስድሳ ሦስት ዛፍ፣ በሳምንት አንድ፤ በልቤ አሰላሁት። እያንዳንዱ ጥድ አሥር ጊዜ ያህል ተራው አልፎታል።

«ልጆቹ ሊያነሷት ሲሉ ከልክያለሁ» አሉ አዴ ጫልቱ። «ተራው እንዳይጠፋ።»

ይዤው የመጣሁትን ቃል ያን ጊዜ ተናገርኩ። «አሁን መቀጠል ትችላላችሁ።»

«በምን አመድ?» ብለው ወደ ቤቱ አሳዩኝ። ሽቦ ከምሰሶው ወደ ጣሪያው ገብቷል። «መብራት ከገባልን ወዲህ ምድጃውም ምጣዱም ኤሌክትሪክ ነው። ቡና የማፈላባት የከሰል ምድጃ ብቻ ናት የቀረችው።»

ሄደው የዚያችን አመድ በጣሳ ይዘው መጡ። ግማሽ ጣሳ አይሞላም። በመጨረሻ አመድ ያገኘው ዛፍ ድንጋይዋ ያለችበት ነው፤ ስለዚህ ተራው የጎረቤቱ ነበር። አዴ ጫልቱ አመዱን የዚያኛው ሥር በጥንቃቄ ነሰነሱት። እኔ በአፈር መውሰጃው ብረት ድንጋይዋን ነቅዬ አመዱ አጠገብ አስቀመጥኳት። በተነሳችበት ቦታ ነጭ ትላትሎች የሚርመሰመሱበት ጉድጓድ ቀረ።

«ይሄኛውስ» አሉ አዴ ጫልቱ እጃቸውን እያራገፉ፣ «እስከ መቼ ነው?»

ሲቀልዱ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልቀለዱም። የተነገራቸውን የሚፈጽሙ ሰዎች ናቸውና ልኩን ማወቅ ፈልገው ነው።

«ማቆሚያ የለውም» አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ መልስ

ምሳ ሳልበላ አልለቀቁኝም፤ የጠዋቱ ምስር ወጥ ሆኖ ቀረበ። ስመለስ አትላስ ላይ ወረድኩና ጠዋት የዘለልኩት ጆንያ ያለበትን ጥብስ ቤት ፈለግሁ። ጆንያው የለም፤ ቆሻሻ መኪናው ወስዶታል። ከሰል የሚያቀጣጥለውን ሰው አመድ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ሳቀ።

«እመቤት፣ ሥጋው እያለ አመዱን?»

«ለዛፍ ነው።»

«እኛ በየቀኑ ነው የምንደፋው። ነገ ቀዝቅዞ ይጠብቅሻል፤ ጆንያ ብቻ አምጪ።»

አጥንትና ያልነደደ ከሰል ስለማያጣው መንፋት ይኖርብኛል። በየቅዳሜው ይዤ እወጣለሁ። ይህ ግን የወደቀውን ጥድ አያነሳም፤ ጫፋቸው የደረቁትም ሁሉም ይድናሉ ብዬ አላምንም፤ ከተማው ማጨሱን አላቆመምና። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትልቅ ነገር የለም። ለሰው «ቁም» ያለ ሰው «ቀጥል» የማለት ዕዳም አለበት፤ ሰሚው ታማኝ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ይብሳል። ይህን ለማወቅ አፈር መመርመር አያስፈልግም ነበር።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደብተሩን ከፈትኩ። «አመድ መድፋት እንዲቆም ተነግሯል» ከሚለው ሥር «አመድ መድፋት እንዲቀጥል ተነግሯል» ብዬ የዛሬውን ቀን ጻፍኩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ጣት የማይሞላ ክፍት ቦታ አለ። ኦቦ ቱፋ እኔን እየጠበቁ የሞቱት እዚያ ውስጥ ነው።